ዓይን ያወጣ ፓንኬክ

ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ሥራ ልጨርስ። ሁለት እንቁላል በዚህ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሰብሬያለሁ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጨምሬ በመምቻ እመታዋለሁ፤ አስኳሉና ነጩ እስኪዋሐዱ ድረስ ብቻ እንጂ አረፋ እስኪሠራ አልጠብቅም። አሁን ከግማሽ ሊትር ቀጠን ያለ እርጎ ግማሹን እጨምራለሁ፤ የቀረውን ለጊዜው ወደ ጎን አደርገዋለሁ። በወንፊት የተነፋ 280 ግራም ፊኖ ዱቄት ደግሞ በአንድ ጊዜ ገለበጥኩበት። ሊጡ ስለወፈረ መምቻው ይከብደኛል፤ የምፈልገውም ይህንኑ ክብደት ነው። በወፍራም ሊጥ ውስጥ የጓጎለ ዱቄት መሸሻ ስለሌለው በመምቻው ሽቦና በሳህኑ ግድግዳ መካከል ተጨፍልቆ ይለሰልሳል። ፈሳሹን በሙሉ መጀመሪያ ያፈሰሰ ሰው ግን ጓሉ በቀጭኑ ሊጥ ውስጥ እየዋኘ ሲያመልጠው፣ እሱም ሲያሳድደው ክንዱ ይዝላል። ይኸው፣ ለሰለሰ። የቀረውን እርጎ ጨምሬ አንዴ አማስለውና በንጹሕ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ። ሊጡ ሠላሳ ደቂቃ ማረፍ አለበት። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ጊዜም ሠላሳ ደቂቃ ነው። እሱ ይረፍ፣ እኔ ልናገር።

ርእሱን ሲጠይቁኝ «ዓይን ያወጣ ፓንኬክ» ብዬ ስነግራቸው ሳቁብኝ። ዓይን ያወጣ ሲባል የለመድነው ውሸትና ሌብነት ነውና አልፈርድባቸውም። እኔ የምለው ግን ቃል በቃል ነው፦ እንደ ወረቀት ስስ የሆነ፣ ወደ መብራት ሲያነሡት በመቶ ዓይን የሚያይ፣ ጠርዙ እንደ ዳንቴል የተቦረቦረ ፓንኬክ። ዳንቴል የሠራችሁ እዚህ መካከላችን እንዳላችሁ እርግጠኛ ነኝ። እናንተ ቀዳዳውን በኪሮሽ እየቆጠራችሁ በፈለጋችሁበት ቦታ ታስቀምጡታላችሁ። ፓንኬክ ጋጋሪ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም። የእያንዳንዱ ቀዳዳ ታሪክ አንድ ነው፤ ከሊጡ ውስጥ ጋዝ ወይም እንፋሎት እየገፋ ወጣ፣ የወጣበትም በር ሳይዘጋ ሊጡ ረጋ።

ብዙ ሰው «ዓይን እንዲያወጣልኝ ምን ልጨምርበት?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ከመነሻው ተጣሟል። መጠየቅ ያለበት ከሊጡ ምን እንደሚወጣና መቼ እንደሚወጣ ነው። ጋዙ ቀድሞ ከወጣ፣ ገና ፈሳሽ የሆነው ሊጥ መልሶ ይገጥምና ፊቱ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ሊጡ ቀድሞ ከረጋ ደግሞ ጋዙ ውስጥ ታፍኖ ይቀርና ፓንኬኩ ያብጣል እንጂ አይበሳም። መውጣቱና መርጋቱ በአንድ ቅጽበት መገናኘት አለባቸው። ዛሬ ስለ ሶዳ ባወራ፣ ስለ ፈላ ውኃ ባወራ፣ ስለ መጥበሻ ባወራ የማወራው ስለዚሁ ቀጠሮ ነው።

ይህን ቀጠሮ የተለያዩ ሕዝቦች በተለያየ መንገድ ይዘውታል። በሞሮኮና በአልጄሪያ ባግሪር የሚሉት ፓንኬክ ሰሞሊና ከሚባል ሻካራ የስንዴ ዱቄት ተዘጋጅቶ በእርሾ የሚነሣ ነው። የሚጋገረው በአንድ ወገኑ ብቻ ስለሆነ ከላይ ያሉት ዓይኖች እንደተከፈቱ ይቀራሉ፤ የቀለጠ ቅቤና ማር የሚጠጣውም በእነሱ ነው። በማሌዥያ ደግሞ ሮቲ ጃላ የሚባል አለ፤ ስሙ የመረብ ዳቦ ማለት ነው። ከሥሩ ብዙ ቀዳዳ ባለው ዕቃ ሊጡን እንደ ክር እያዘነቡ በመጥበሻው ላይ ይሸምኑታል። እነዚህ ሰዎች ጋዝ አልለመኑም፤ እንደ ዳንቴል ሠሪዋ ቀዳዳውን በእጃቸው አስቀመጡት። የፈረንሳዮቹ ክሬፕ ሶዳም እርሾም የለበትም፤ የጠርዙ ዳንቴል የሚመጣው ከጋለ ብረትና ከቅቤ ነው። እኔ ዛሬ የመረጥኩት ሩሲያውያን ብሊኒ የሚሉትን ስስ ፓንኬክ ሲጋግሩ የሚወዱትን አንዱን መንገድ ነው። እነሱ ከፊር በሚባል የረጋ ወተት ይሠሩታል፤ ከዚያ ሶዳና የፈላ ውኃ። የመረጥኩበት ምክንያት ስንፍና ነው ብትሉኝ አልቃወምም፤ እርሾው እስኪነሣ መጠበቅ የለም፣ ልዩ ዕቃ መግዛት የለም።

እንግዲህ ወደ ሶዳው። ቤኪንግ ሶዳ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። እርጎው የሚኮመጥጠው በውስጡ ባለው ላክቲክ አሲድ ስለሆነ ሌላ አሲድ መፈለግ አያስፈልግም። ለግማሽ ሊትር እርጎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይበቃል፤ በእርጎው ውስጥ ያለው አሲድ ይህን ያህሉን ሶዳ ያለ ችግር ያበርደዋል። ሶዳው ከበዛ ትርፉ የሚያገኘው አሲድ ያጣል፤ በሙቀቱም ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጥና የሳሙና ጣዕም ያመጣል። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። አንድ ጊዜ እንግዶች ጠርቼ፣ «ዓይኑ ይብዛልኝ» ብዬ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሙሉ ጨመርኩ። ፓንኬኩ ለዓይን ድንቅ ነበር፤ መልኩም ከወትሮው ጠቆር ብሎ አምሮበታል፤ ሶዳ ቡናማነትን ያፋጥናልና። እንግዶቼ ጨዋዎች ስለነበሩ ምንም አላሉም፤ ውኃ ብቻ ደጋግመው ጠየቁ። እኔ የገባኝ ማታ ሰሃን ሳጥብ የተረፈውን ቁራጭ ስቀምስ ነው።

እርጎ በሌለበት፣ ባልረጋ ወተት ብቻ ለምትሠሩ ሶዳውን እርሱት፤ የሚያናግረው አሲድ የለም። ቤኪንግ ፓውደር አሲዱን ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚመጣ በወተት ሊጥ ይሠራል፤ ለእኔ ግን ፓንኬኩን ወደ መወፈር ይገፋዋል፣ ከስስነቱ ይቀንሳል። በጋዝ ውኃ የሚያቀጥኑም አሉ። ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፓንኬኮች ጥሩ ይሆናሉ፤ ከዚያ ጋዙ በማማሰሉ ይበንና ለቀሩት ተራ ውኃ ይሆናል። አንድ ወይም ሁለት ሰው ለሚያበላ ይሁን፤ ቤተሰብ ለሚመግብ አይሆንም።

የፈላ ውኃው ነገር ደግሞ ሰውን የሚያስደነግጥ ነው። እንቁላል ባለበት ሊጥ ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስ! የእንቁላል ነጭ 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መርጋት ይጀምራል፤ አስኳሉም ብዙ አይዘገይም። ታዲያ ሊጡ ለምን እንቁላል ጥብስ አይሆንም? ሒሳቡን እንሥራው። ሳህኑ ውስጥ ወደ 900 ግራም የሚጠጋ ሊጥ አለ፤ ሙቀቱ የክፍሉ ነው። የምጨምረው ውኃ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሁለቱ በደንብ ከተዋሐዱ የሚገኘው ለብ ያለ ሊጥ ነው፤ ከሰውነት ሙቀት ብዙም አይበልጥም። እንቁላሉ አደጋ ላይ የሚወድቀው ውኃው ሳይዋሐድ በአንድ ቦታ ሲጠራቀም ነው። ስለዚህ ውኃው በቀጭኑ ይወርዳል፣ ሌላው እጅ ያለማቋረጥ ያማስላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባል እንደዚህ ቃል በቃል የሚሠራበት ሌላ ቦታ አላውቅም። እኔ በቸኮልኩበት ቀን ማንቆርቆሪያውን እንዳለ ደፋሁት፤ ሊጤ ውስጥ ነጫጭ ክሮች ተንሳፈፉ። በወንፊት አጥልዬ ጋገርኩት። የወጣው እንቁላል እንቁላል የሚሸት ስስ ነገር ነበር፤ ስሙን ፓንኬክ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የዱቄቱ ስታርች ጥቃቅን ቅንጣት ነው። በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ቅንጣቱ እንዲሁ ይንሳፈፋል፤ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ግን ውኃ መጥጦ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ማጣበቂያ ይሆናል። የፈላው ውኃ ሲወርድ የሚነካው ጥቂት ቅንጣት፣ ከሌላው ሊጥ ጋር ተዋሕዶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ባለችው ቅጽበት ይበስላል። ጥቂቱ ይበቃል። ውኃውን ስለያዘው ሊጡ በጣም ቀጥኖም ቢሆን በመጥበሻው ላይ ይያያዛል፤ ከእሳት ከወጣም በኋላ ሲታጠፍ አይሰነጠቅም። ሌላም ትርፍ አለው። ለብ ያለ ሊጥ የጋለውን መጥበሻ ብዙ አያቀዘቅዘውም፣ ሶዳውም በሙቀት ፈጥኖ ይነቃል። ከፍ ያለ ቦታ የምትኖሩ ሰዎች ውኃችሁ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ አስባችሁ አትጨነቁ፤ 2,000 ሜትር ላይም 93 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ለስታርቹ ተርፎ ይተርፋል።

አሁን በጨርቅ ተሸፍኖ ስላረፈው ሊጥ አንድ ነገር ልበል። ዱቄቱን ስመታው ፕሮቲኖቹ ከውኃ ጋር ተያይዘው ግሉተን የሚባለውን መረብ ሠርተዋል። ይህ መረብ ለዳቦ ወዳጅ ነው፤ ለስስ ፓንኬክ ግን እንደ ላስቲክ ይሰበስበዋል፣ ሲበሉትም ለማኘክ ያስቸግራል። ሲያርፍ ይላላል። በዚያው ጊዜ እያንዳንዱ የዱቄት ቅንጣት ውኃ ይጠግባል፤ ዓይን የሳተው ጓልም ራሱ ይሟሟል። ሶዳውን ከመጀመሪያው ያልጨመርኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ጋዙን ለአየር ሲገብር ይቆይ ነበር።

የሊጥ ቅጥነት ምን ያህል ይሁን የሚለው ጥያቄ ከወጥ ቤት አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የሚሠሩ ሰዎች 14 ዓይነት የፓንኬክ አሠራር አወዳድረው ነበር። ካወዳደሩት አንዱ የፈሳሹ ከዱቄቱ ጋር ያለው ምጣኔ ነው፤ ለ100 ግራም ዱቄት 100 ግራም ፈሳሽ ከሚይዘው ወፍራም ሊጥ ጀምሮ 225 እስከሚይዘው ቀጭን ድረስ። የደረሱበት ነገር፣ በፓንኬኩ ፊት ላይ የምናየውን ጌጥ የሚሥለው ውኃው በእንፋሎት መልክ የሚያመልጥበት መንገድ እንደሆነ ነው፤ መንገዱን የሚወስነው ደግሞ የሊጡ ውፍረት ነው። እኔን የገረመኝ ግን የሰዎቹ ማንነት ነው። ከመካከላቸው አንዱ ፔንግ ካው ግላኮማ የሚባለውን የዓይን በሽታ የሚያክሙ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ፓንኬኩን ያጠኑት እንፋሎትና ፈሳሽ በስስ ሽፋን ውስጥ እንዴት እንደሚያልፉ ማወቁ፣ በሰው ዓይን ውስጥ ላሉት ስስ ሽፋኖችም ስለሚጠቅም ነው። የዓይን ሐኪም የፓንኬክ ዓይን ሲመረምር! ይህ ቀልድ በእንግሊዝኛ አይገባቸውም፤ እንዲህ የሚያስቅ በአማርኛ ብቻ ነው።

የእኛን ሊጥ ብታሰሉት 700 ፈሳሽ ለ280 ዱቄት፣ ማለትም 250 ላይ ነው። ከእነሱ ቀጭን ሊጥ በለጠ። ይህ የሚቻለው እርጎው ከውኃ ስለሚወፍርና የበሰለው ስታርች ውኃውን ስለሚይዝ ነው። ነገር ግን ዱቄት ከዱቄት ይለያል፣ እርጎም ከእርጎ፤ በቁጥሬ ብቻ አትታመኑ። ጭልፋውን አንሥታችሁ አፍስሱ። ሳይቆራረጥ በቀጭኑ ከወረደና የጭልፋውን ጀርባ በስሱ ከሸፈነ ደርሷል። ክምር ሠርቶ ከተቀመጠ ትንሽ የሞቀ ውኃ ይጨመርበት። እንደ ወተት ከተንጣለለ በአንድ ሾርባ ማንኪያ ዱቄት አይድንም፤ ዱቄቱ ይጓጉላል። ጥቂት ሊጥ በሌላ ሳህን ቀንሳችሁ፣ ዱቄቱን እዚያ አለስልሳችሁ መልሱት።

መጥበሻውን በሚመለከት አቋሜ ግትር ነው፤ ታችኛው ክፍሉ ወፍራም ይሁን። ስስ መጥበሻ ቀዝቃዛ ሊጥ በተጨመረበት ቁጥር ይደነግጣል። በዘይት የተገራ የብረት መጥበሻ ሙቀት ስለሚይዝ ከሁሉ ይሻላል። የማይዝ ቴፍሎን መጥበሻም ይሠራል፤ ባዶውን እሳት ላይ ረስታችሁ ስልክ አትመልሱ እንጂ፣ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል ሽፋኑ መበላሸት ይጀምራል። ሙቀቱን የምትለኩት በውኃ ጠብታ ነው። ጠብታው ዝም ብሎ ተኝቶ ቀስ እያለ ከደረቀ ገና ነው። «ቸስ» ብሎ ወዲያው ከጠፋ እየቀረበ ነው። ጠብታው እንደ ዶቃ ተድበልብሎ በመጥበሻው ላይ እየሮጠ ከጨፈረ ግን ብረቱ ወደ 200 ዲግሪ ተጠግቷል ወይም አልፎታል፤ ከጠብታው ሥር የተፈጠረው እንፋሎት ተሸክሞት ነው የሚያስጨፍረው። ይህን ጭፈራ ዮሐን ጎትሎብ ላይደንፍሮስት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1756 ጽፎታል፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ለእኛ የሚሆነው ዶቃው መጨፈር የጀመረበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ እሳቱን በጥቂቱ ቀንሱና ጀምሩ።

ለምን ይህን ያህል እንደሚግል ሳትገምቱ አልቀራችሁም። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,600 ጊዜ እጥፍ ያህል ይሰፋል። ሊጡ የጋለውን ብረት ሲነካ ከታች ያለው ውኃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆንና ሽቅብ ይገፋል፤ ሶዳው የፈጠራቸውን ትንንሽ አረፋዎች እያሰፋ፣ ስሱን ሊጥ ከሥር እስከ ላይ እየበሳ። በዚሁ ሙቀት ሊጡም በሰከንዶች ውስጥ ይረጋል። ያ ያልኳችሁ ቀጠሮ እነሆ ተፈጸመ። ለብ ባለ መጥበሻ ላይ ግን ውኃው ቀስ እያለ ይተናል፤ የሚወጣው ፓንኬክ የገረጣና ቆዳ የመሰለ ይሆናል፤ ሊጡ ምንም ያህል ቢያምር እንኳ። ፓንኬኬ ዓይን አላወጣም ብለው ከሚያማርሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ ሊጣቸው ደኅና ነው፤ እሳት ይፈራሉ።

አሁን ማፍሰስ። 22 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው መጥበሻ 60 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አራት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ይህ ሲዳረስ ውፍረቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር በታች ነው። መጥበሻው በአንድ እጅ ከእሳቱ ላይ ይነሣል፤ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል፤ ሊጡ ከፍ ካለው ጠርዝ አጠገብ ይፈስሳል፤ ከዚያ መጥበሻው እየተዘነበለ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤዱዋር ቡዦና ማቲዩ ሴሊየ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ እንቅስቃሴ በፈሳሽ ፊዚክስ ስሌት ሠርተውት ነበር። ያገኙት መልስ አያቶች ያለ ስሌት ሲያደርጉት የኖሩትን ነው፦ መጀመሪያ ወዲያው አጥብቆ ማዘንበል፣ እንደተዘነበለ ማዞር፣ እያዞሩም ቀስ በቀስ ወደ ደልዳላው መመለስ። እኔ ከዚህ ላይ የምጨምረው ፍጥነትን ብቻ ነው። አንድ ዙር ከሦስት ሰከንድ አይለፍ፤ ሊጡ በመንገድ ላይ ከረጋ ካርታ ይሆናል። ክፍት የቀረ ቦታ ካለ በጠብታ ሊጥ ድፈኑት፤ ወይም ተዉት፣ ዳንቴል አይደል።

ዘይቱን ሊጡ ውስጥ እጨምራለሁ፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ መጨረሻ ላይ። በሊጡ ውስጥ ያለው ዘይት ፓንኬኩ ከመጥበሻው በራሱ እንዲላቀቅ ያደርገዋል። መጥበሻውን የምቀባው ለመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ግማሽ ድንች በሹካ ወግቼ በዘይት ነክሬ አሽበታለሁ። ዘይት ከመጥበሻው ላይ የተጠራቀመ እንደሆነ ሊጡ ይንሳፈፍበታል እንጂ ብረቱን አይነካም።

የመጀመሪያው ፓንኬክ ለምን ይበላሻል? ሩሲያውያን «የመጀመሪያው ብሊን ጓል ነው» የሚል ተረት አላቸው፤ ከስንፍና የመጣ ማመካኛ ቢመስልም ሦስት እውነት አለው። መጥበሻው ገና ከዳር እስከ ዳር እኩል አልጋለም፤ በላዩ ያለው ዘይት ከሚገባው ይበልጣል፤ ጋጋሪውም የዛሬውን ሊጥ ጠባይ ገና አላወቀውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሆን ብዬ ትንሽ እጋግረዋለሁ። ጨው አንሶ እንደሆነ፣ ስኳር በዝቶ እንደሆነ፣ ሊጡ ወፍሮ እንደሆነ እሱ ይነግረኛል። ስኳሩ ከበዛ ፓንኬኩ ከመብሰሉ በፊት ይጠቁራል፣ ይይዛልም፤ ለዚህ ነው ከሁለት የሾርባ ማንኪያ የማላልፈው። የመጀመሪያው ፓንኬክ የጋጋሪው ድርሻ ነው፤ ለእንግዳ አይቀርብም።

መገልበጥን በቃላት ማስተማር ዋና በወረቀት እንደማስተማር ነው። ምልክቶቹን ልንገራችሁ፦ የላይኛው ፊት ብልጭታውን አጥቶ ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ብድግ ይላል። ይህ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መገልበጫውን ከጠርዙ ሥር አዙራችሁ አስገቡና ገልብጡት። ሁለተኛው ወገን ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል፤ እሱ ሁልጊዜ ነቁጥ ነቁጥ ያለበት መልከ ጥፉ ነው፣ ሲታጠፍ ወደ ውስጥ ይግባ። አየር ላይ መወርወሩን ለሚወዱት እተዋለሁ። ከተቀደደባችሁ ወይ መጥበሻው አልጋለም፣ ወይ ቸኩላችኋል፤ ሁለቱም ካልሆኑ ሊጡ ቀጥኗልና ካልኩት የተለሰለሰ ዱቄት ይጨመርበት።

ከኋላ የተቀመጡት እናት ቀደም ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ የተደራረበው ለምን ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ተሰባብሮ እንዲበላ አድርጎ የማቆየት ዘዴ የለም ወይ ብለው። እናቴ፣ ሁለቱንም በአንድ ሰሃን ማግኘት አይቻልም። ትኩሶቹ ሲደራረቡ የአንዱ እንፋሎት ሌላውን ያረጥበዋል። የሚጠቀለል ለስላሳ ፓንኬክ የሚፈልግ ሰው በክዳን ይሸፍነው፤ ጠርዙ የሚንኮሻኮሽ የሚወድ ደግሞ ከመጥበሻው አውጥቶ ቆሞ ይብላው። ለነገ የሚቀመጠው በደንብ ቀዝቅዞ፣ ተሸፍኖ ማቀዝቀዣ ይገባል። በማግስቱ ደርቆ ብታገኙት ውኃው ጠፍቶ አይደለም፤ ስታርቹ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠጥራል። በክዳን ሥር ሲሞቅ ይመለሳል። ሊጡ ራሱ ሶዳ ከነካው በኋላ ግን አያድርም፤ ጠዋት ብትጋግሩት ይበላል፣ ዓይን ግን አይኖረውም።

ሰዓቴ ሞላ መሰለኝ፤ ማንቆርቆሪያውም እየፈላ ነው። ጨርቁን አነሣሁት። አያችሁ፣ ስተወው ከነበረው ወፈር ብሏል፤ ዱቄቱ ጠጥቷል። 200 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ በዚህ ኩባያ ለካሁ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ጨመርኩና በጠበጥኩት። ሳይዘገይ፣ በቀጭኑ... ግራ እጄ ያፈስሳል፣ ቀኝ እጄ ያማስላል። የፊት ረድፍ ላይ ያላችሁ ስሙት፤ ድምፅ አለው። ይኸው፣ ፊቱ ሁሉ አረፋ ሆነ። ሦስት ማንኪያ ዘይት። አንዴ ማማሰል፣ ከዚህ በላይ አልነካውም።

መጥበሻው ላይ ጠብታ እንሞክር። ዶቃው ይሮጣል። እሳቱን ቀነስኩ፣ በድንቹ አበስኩት። ከዚህ ሊጥ 16 ወይም 17 ፓንኬክ ይወጣል፤ ለሁላችሁ እንዳይበቃ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዘንበል፣ አፈሰስኩ፣ አዞርኩ። ሰማችሁት? ቸስ! ዓይኖቹ ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር እየተከፈቱ ነው፤ በጠርዙ በኩል ግን አንድ ጎን ቀዳዳ የለውም፣ መጥበሻው በዚያ በኩል ገና አልጋለም። ይህ የእኔ ነው። ሁለተኛውን ማን ይጋግር? እጅ ያነሡት እህት ይምጡ፣ ጭልፋው እዚህ አለ።